ሰፊውን ሞኒተር ማለብ

ከወደራ ወደ ነገሌ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አባቷ ያወራሉ።

«አባ፣ በትንሹ ስክሪን የቤት ፕላን ስሠራ ግማሹ ቤት አይታየኝም። እየዘገየሁ ደንበኞቼ እየሸሹ ነው።»

«ሰፊውን እንግዛልሻ!»

«አዲሱን በያዝነው ብር አንችለውም። ያገለገለው ረከስ ይላል፤ ግን ቤት ገብቶ ቢጠፋብኝስ?»

«ላም ስንገዛ ምን እናደርጋለን?»

«ባለቤቱ ፊት እናልባታለን።»

«ይሄንንም እናልበዋለና!»

«ሞኒተር ይታለባል እንዴ አባ?»

«ባለሱቁ ያብራው፤ እኛ ምሳ በልተን እንመለስ። ሳይጠፋ ካገኘነው እንገዛዋለን።»

«እምቢ ቢለንስ?»

«አላሳልብም የሚል ሻጭ ላሙ ነጥፋለች ማለት ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ። ምሳውን ማን ይጋብዛል?»

«በርቶ ከቆየ አንቺ፤ ከጠፋ ባለሱቁ!»

ጥቁር ነጠላዬን ወደ አፌ ስቤ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ ሳቅሁ።