ፕሮፌሰሩ የተሸከሙት ሳጥን

በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት ተልኬ ስቶክሆልም ሳለሁ ነው። አንድ ቅዳሜ ከስፖንጋ ባቡር ጣቢያ ስወጣ የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ከካሚዮን ላይ ሳጥን ያወርዳሉ። አንደኛውን ሳይ ክው አልኩ፤ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሬ ናቸው! ሽበታቸው ከቆባቸው ሥር ወጥቶ፣ ትልቅ ሳጥን ተሸክመው ያለከልካሉ። ቆሜ ማየቱ ነውር ሆነብኝና ሮጬ ሳጥኑን ያዝኩ። «እርስዎ እንዴት ይሸከማሉ? ይስጡኝ!»

«ልቀቅ!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ መጣ። ዞር ብል የሃምሳ አለቃ ማዕረግ የለጠፈ ቤንግት ነው፤ ያ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ጠርሙስ የሚያጥበው፣ አንድ ቀን እንኳን «እንደምን አደርክ» ብዬው የማላውቀው ቤንግት! ፕሮፌሰሩ ሳቅ እያሉ «ተወው፤ እኔ ተጠባባቂ ወታደር ነኝ። በየጊዜው እየተጠራን ከመደበኛው ጦር ጋር እንለማመዳለን። እዚህ አዛዤ እሱ ነው» አሉኝና ሳጥናቸውን ይዘው ሄዱ። አገሬ ቢሆን ከእጃቸው ለመቀበል አሥር ሰው በተጋፋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቤንግት አንድ ሳጥን ሙሉ ጠርሙስ ተሸክሞ ላቦራቶሪ ሲገባ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ፕሮፌሰሩ አይተውኝ «ኧረ ተቀመጥ፣ እዚህ አለቃው እኔ ነኝ» አሉ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አልኳቸው፤ «ብቻ እሱ እኔንም የሚያዝበት ቀን ከመጣ ከወዲሁ ዝግጁ ልሁን ብዬ ነው።»

ቤንግት ይኼን ሲሰማ መጣና ሳጥኑን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።