የታችኛው ክፍል

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ አንዲት እናት መራመድ የማትችል ትልቅ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ጎልማሳ መምህር መሆኑን ነገራትና ጠየቃት።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ትምህርት መምሪያ፤ የትምህርት ቤቷን ሰዎች ልከሳቸው። ሰባተኛ ክፍል ፎቅ ላይ ስለሆነ ልጅሽ ቤት ትቆይ አሉኝ።»

«ታች ክፍል የለም እንዴ?»

«አለ። የመምህራን ማረፊያ አደረጉት።»

«እሱማ ያስቸግራል። መምህርም እኮ ማረፍ አለበት።»

«ፎቅ ላይ ይረፋ! እናንተ እግር አላችሁ አይደል?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ትምህርት ቤቱ አቅም አጥቶ ይሆናል እኮ፣ እህቴ።»

«በሩ ላይ ‹እሴታችን ማንንም ወደ ኋላ አለመተው ነው› ብለው በትልቁ ጽፈዋል። ወይ ልጄን ያስገቡ፣ ወይ ጽሑፉን ያጥፉ። ማጥፊያ ኖራውን እኔ አመጣላቸዋለሁ።»

«አንቺ ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም። ያነበበችልኝ እሷ ናት።»

እኔ ሶዶ እስክንደርስ ክራንቼን ጨብጬ፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል በጀርባዋ አዝላ ያመላለሰችኝን እህቴን አስቴርን ሳስብ ቆየሁ።