ሞተር አጥፍተው የወረዱት የአቶ ንጉሤ ተክለማርያም ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የሸዋ ሮቢት፣ የቀወትና የጀውሃ ወገኖች፣ ከቅርብም ከሩቅም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ሁሉ፤ ፀሐዩ እንደምታዩት ነውና ብዙ ሳላቆማችሁ የእኅቴን ባል የአቶ ንጉሤ ተክለማርያምን የሕይወት ታሪክ አነብላችኋለሁ።

አቶ ንጉሤ ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ደምሴ በ1951 ዓ.ም. በዚህችው በሸዋ ሮቢት ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ ወርደው፣ የቆላውን ሙቀት ዕድሜ ልካቸውን እያማረሩ፣ ነገር ግን ተመልሰው ሳይወጡ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። አቶ ንጉሤ ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው በከተማው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያልገፉት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን፣ ክፍሉ ከደሴ መንገድ ፊት ለፊት በመሆኑ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሲቆጥሩ ስለሚውሉ እንደነበር ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

በዚሁ ፍቅራቸው ገና በወጣትነታቸው በፊያት የጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥረው፣ ኋላም መንጃ ፈቃድ አውጥተው እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብን፣ ከዚያም የጅቡቲን መስመር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲነዱ፣ በሰውም ሆነ በንብረት ላይ አንድም አደጋ ሳያደርሱ ሥራቸውን ፈጽመዋል። የጣርማበርን ቁልቁለት ሲወርዱ ከኋላቸው የተሰለፈ ሾፌር ጥሩምባ ቢነፋባቸው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው “እለፍ ወንድሜ፣ ቀድመህ ምሳ እዘዝልን” እያሉ ያሳልፉ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በእርሳቸው አፍ ተረት ሳይሆን የመንዳት ትምህርት ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ከእኅቴ ከወ/ሮ ፈለቀች ደስታ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መሥርተው ኢዮብንና ሶስናን ወልደው አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል። ከጋብቻቸው በኋላ በነበሩት ዓመታትም መኪናቸው ጀውሃ አጠገብ ማርሽ ሰብሮ በቆመበት ቀን ከከተማችን መካኒክ ከአቶ ኸድር ሙዐዊያ ጋር ተዋወቁ፤ ያን ዕለት ከመኪናው ሥር የተጀመረው ወዳጅነት ወደ ቤት ገብቶ፣ ፋሲካ ሲሆን አቶ ኸድር፣ አረፋ ሲሆን አቶ ንጉሤ አንዱ ከሌላው ቤት የማይታጡ ሆኑ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የከተማችን ሾፌሮችና መካኒኮች ተሰባስበው፣ በአሮጌ የቤት መኪና ብቻ የሚካሄድ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ የሚዘልቅ ውድድር በሽንኩርትና በማሾ እርሻው ዙሪያ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ አዘጋጁ። በየቡድኑ ሦስት ሰው ተራ በተራ ይነዳል፤ የሚያሸንፈውም ብዙ ዙር የዞረ መኪና ነው። አቶ ኸድር ለዚህ ውድድር አንዲት ላዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈትተው ሲገጥሙ ከርመው ነበርና የመጀመሪያውን ተራ ለኢዮብ፣ መካከለኛውን ለአቶ ንጉሤ ሰጥተው፣ መጨረሻውን ለራሳቸው አስቀሩ። የሰው መኪና ሲጠግኑ ያረጁት አቶ ኸድር፣ የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው ነድተው፣ ሕዝብ እያያቸው መግባት ነበር ምኞታቸው። ላዳዋ አንድ ነውር ብቻ ነበረባት፤ ሞተሯ ከጋለ በኋላ ከጠፋ በቁልፍ አይነሣም፣ መኪናዋ መገፋት አለባት። ሕጉ ደግሞ ከቡድኑ አባላት በቀር የሌላ ሰው እጅ የነካው መኪና ከውድድሩ ይወጣል ይላል።

አቶ ንጉሤ በተራቸው የነዱት ጅቡቲ ሲያመላልሱ እንደኖሩት ነው። ጎረምሶቹ ጥለዋቸው ሲያልፉ እያዩ፣ ፍሬን ሳያበዙ በማርሽ እየያዙ ሲዞሩ፣ ቀትር ሲሆን የጎረምሶቹ መኪና ውሃ እያፈላ በየጥጉ ቆመና እርሳቸው ሳይታሰብ አንደኛ ሆኑ። ወ/ሮ ፈለቀች እልል አሉ፤ አቶ ኸድርም የራስ ቁራቸውን አጥልቀው ተራቸውን ለመቀበል ቆሙ።

በዚህ መካከል ከቀወት ገጠር የመጣ የጀናዛ ጉዞ፣ የአንዲት አሮጊት እናት፣ ወደ መካነ መቃብሩ ሲያመራ መንገዱን አቋረጠ። በይፋት ቆላ ሬሳ ያገኘ መንገደኛ፣ ሃይማኖት ሳይለይ፣ ትከሻ ሰጥቶ ጥቂት ርምጃ መሸኘቱ የኖረ ወግ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ፍጥነት ቀንሰው ቆመው አሳለፉ። አቶ ንጉሤ ግን እንደ ልማዳቸው ዳር ያዙ፣ ሞተር አጠፉ፣ ወረዱ፣ ትከሻ ሰጥተው ሸኙ። ሲመለሱ ላዳዋ አልነሣ አለች፤ አቶ ኸድርና ኢዮብም ሩቅ፣ ከመነሻው ነበሩ። ከለቀስተኞቹ አንድ ሽማግሌ አይተው፣ “ወላሂ ለጀናዛችን የወረደን ሰው በፀሐይ ጥለነው አንሄድም” ብለው ጎልማሶቹን መለሱና ገፍተው አስነሡላቸው።

መኪናዋን ከውድድር ያስወጣውን ባንዲራ ያነሣሁት ዳኛው እኔው በላይ ደስታ ነኝ፤ ሕግ ሕግ ነውና ዛሬም ቢሆን አነሣው ነበር። አቶ ኸድር የራስ ቁራቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ባጃጅ ጠርተውም ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወዳጆች ተኳረፉ። የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑ ለጀናዛ ወርዶ ሙስሊሙ እንዴት ይቀየማል እያለ በአቶ ኸድር ላይ ቢያሾፍም፣ ነገሩ ሌላ ነበር። ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜ አቶ ኸድር፣ “መውረዱንስ አላህ ይቀበለው፤ ሞተሩን ለምን አጠፋ? እያወቀ!” አሉ። አቶ ንጉሤም “ሞተር እያንጓጓ ሬሳ አይሸኝም፤ ነገም ቢሆን አጠፋለሁ” አሉ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ ቢሉ ያልቅ ነበር፤ አላሉም። ሽማግሌዎቹም ምሳቸውን በልተው ተበተኑ። በኋላ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጣና ውድድሩ ዳግመኛ ሳይዘጋጅ ቀረ፤ የአቶ ኸድር ተራም እንዲሁ ሳይመጣ ቀረ። አቶ ንጉሤ በዚህ እጅግ ያዝኑ እንደነበር ባለቤታቸው ያውቃሉ።

አቶ ንጉሤ ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ፣ አቶ ኸድር ሽማግሌ ሳያስቀድሙ፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ራቢዓን አስከትለው መጡ። ያኔ አቶ ንጉሤ “ኸድር፣ ተራህን በላሁብህ” ቢሏቸው፣ “ተወው፤ በሕልሜ ስነዳትም ነዳጅ ያልቅብኛል” ብለው አሳቋቸው። ስለ ሞተሩ ግን ሁለቱም አላነሡም። ከዚያ ወዲህ አቶ ኸድር አልተለዩአቸውም።

አቶ ንጉሤ በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሆስፒታል ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አስከሬናቸውን የጫነውን መኪና ሌላ ሾፌር እንዳይነዳው ከልክለው፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ የነዱት አቶ ኸድር ናቸው። ትናንት ከሰዓት ከሰፈራችን መግቢያ ሲደርሱ፣ ዋይታው ሲሰማቸው፣ መኪናውን ዳር አስያዙ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ ወረዱ። የቀረውን መንገድ አስከሬኑን በትከሻችን ተሸክመን ስንገባ፣ የፊተኛውን ወገን የያዙት እርሳቸው ነበሩ።

አቶ ንጉሤ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፈለቀችን፣ ልጆቻቸውን ኢዮብንና ሶስናን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወዳጃቸውንም አቶ ኸድርን ትተውልን ሄደዋል። አቶ ኸድርን ከቤተሰቡ ተራ ያስገባቸው ቤተሰቡ ራሱ ነው።

ለሰው ሬሳ ሁሉ የወረዱትን አባት፣ ዛሬ በተራቸው ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኅቴና ለልጆቿ፣ ለአቶ ኸድርም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።