ሲስተር የዝናሽ እና የሰኞዎቹ ወንዶች

ክብርት ሲስተር የዝናሽ፣ የሰውን ምስጢር በጆሮዎ ተቀብለው በልብዎ የሚያኖሩ፣ ለዐሥራ አራት ዓመታት በዚህ በአሶሳው ጤና ጣቢያችን ከቫይረሱ ጋር ለምንኖር ወንዶች መካሪ፣ አድማጭ፣ ሲያስፈልግም ተቆጪ ሆነው የኖሩ እመቤት፤ የተከበሩ ኃላፊያችን አቶ ኢተፋ፤ እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፤ ለዚህ ሽኝት በደስታ ብንሰበሰብም ደስታችንን ሙሉ እንዳይሆን የከለከለው አንድ ጉዳይ እንዳለ ሳልሸሽግ ልጀምር። እርሱም ሰኞ ሰኞ የሚመጡት ወንዶች፣ ከሲስተር በኋላ፣ ስለ መጠጣቸው ለሌላ ሰው አፋቸውን ይከፍቱ ይሆን ወይ የሚለው ነው።

ሲስተር የመጡበትን ቀን ግን ካርድ ክፍሉ አይረሳውም። ሐምሌ ነበር። ከመተከል ያመጡትን የዝውውር ደብዳቤ በቦርሳዎ ይዘው፣ ጫማዎ በጭቃ ተለውሶ ከበር ሲገቡ፣ ያን ጊዜ ካርድ ያወጣ የነበረው ማስረሻ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ወረፋ ያዢ፣ እናቴ» አለዎት፤ እርስዎም ያዙ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ካርድ ወጣልዎት፤ ክብደትዎ ተመዘነ፤ የደም ግፊትዎ ተለካ፤ ምንዎን እንደሚያምዎት ሲጠየቁ ነው ደብዳቤውን ያወጡት። ማስረሻ ደንግጦ ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ቢጠይቅዎ፣ «ወንዶቹ ወረፋ ላይ ምን እንደሚያወሩ መስማት ፈልጌ ነው» አሉት።

ከጎንዎ ተቀምጦ ያን ሁሉ ያወራ የነበረው ሰው እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ የአማርኛ መምህር እንጂ የእናንተ ባልደረባ አልነበርሁም፤ ታካሚ መሆኔንም በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ስለሌለ፣ የሌላውን ምስጢር ሳልነካ በራሴ ላይ ብናገር ማንም አይቀየመኝም። መንገደኛ መስለውኝ፣ የየትኛው ቤት አረቄ እንደሚጠነክር፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየት በኩል እንደምታጠፍ፣ ለሐኪሙ ምን ያህሉን እንደምደብቅ ሳይቀር ነገርሁዎት፤ እርስዎም በየመሐሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሳምንቱ ምክር ክፍል ስገባ ነጭ ጋውን ለብሰው አገኘሁዎትና በመጣሁበት በር ለመውጣት ስዞር፣ «መምህር፣ ካቆምንበት እንቀጥል?» አሉኝ።

ይህን «ከዚያስ?» ያልቀመሰ በመካከላችን ማን አለ? ዘበኛችን አቶ ቦዔዝ አንድ ጠዋት አርፍደው ቢመጡ፣ ሲስተር ምክንያታቸውን ጠይቀው «ከዚያስ?» እያሉ ከጎርፉ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ባለቤታቸው ዘመዶች፣ ከዘመዶቹም ወደ ሽምግልናው ወስደዋቸው፣ ሰውየው የትዳራቸውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጨርሰው በሩን የሚጠብቅ ጠፍቶ ዋለ።

ስለ ምክር ክፍሉ መደርደሪያም ዝም ብል ታዝኑብኛላችሁ። ቅጹ «በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቦርዴ በቅል፣ ጠላ በጣሳ የሚጠጣ ሰው ግን ለዚህ ምን ብሎ ይመልስ? ሲስተርም እያንዳንዱ ወንድ የሚጠጣበትን ዕቃ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ አዘዙ፤ ውኃ ሞልተው የሕፃናት ሽሮፕ በሚለካባት ትንሽ ኩባያ እየቀዱ፣ ባለቤቱ በዐይኑ እያየ፣ አብረውት ይቆጥሩ ነበር። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን መልሰው መውሰድ አፈሩና መደርደሪያው በቅልና በጣሳ ሞላ። ለጉብኝት የመጡ አንድ እንግዳም ይህን አይተው፣ «ሲስተር፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚሸጠው?» ቢሉ፣ «ውኃ ነው፤ እሱም በነፃ» ተባሉ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልለፍ፤ ሲስተር የማይደብቁትን ስሕተት ካላነሣሁ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናልና። በመጀመሪያው ዓመት «መድኃኒትና መጠጥ አይገናኙም» ብለው አጥብቀው ያስተምሩን ነበር። ወራት አለፉ፤ የብዙዎቻችን የደም ውጤት በመሻል ፈንታ ተበላሸ። ሌላ ሰው ቢሆን በቁጣ በተነሣብን ነበር፤ እርስዎ ግን ወንበርዎን ከጠረጴዛው ወዲህ ስበው፣ ቅዳሜ ዕለት መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምውጥ ጠየቁኝ።

«ቅዳሜማ አልውጥም» አልሁ።

«ለምን?»

«አይገናኙም ብለውኝ የለም እንዴ? እኔም እንዳይገናኙ አደረግሁ።»

እስክሪብቶዎን አስቀመጡ። ለካስ ምክሩን የሰማን ሁሉ ታዛዦች ነበርን፤ ከሁለቱ አንዱን ተዉ ስንባል መድኃኒቱን ትተናል። በሚቀጥለው ሰኞ ሁላችንንም ሰብስበው፣ በዕድሜዬ ከአንድ የጤና ባለሙያ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ፤ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የጠጣችሁ ቀንም ዋጡ። ስለ መጠጡ ቀስ ብለን እንነጋገራለን።»

ቀስ ብለንም ተነጋገርን። ከሳምንቱ ቀናት የትኛውን አብዝቼ እንደምጠላ ጠየቁኝ፤ ረቡዕን አልሁ፤ «እንግዲያው የረቡዕን መጠጥ ለእኔ ይተዉልኝ፤ ሌላውን አልነካብዎትም» አሉ። ረቡዕን ሰጠሁ፤ ከወራት በኋላ ሐሙስን ራሴ ጨመርሁ፤ ዛሬ በዓመት ሁለት በዓል ከምቀምሳት በቀር የቀረኝ የለም፤ ጡረታ ስወጣም የሌሎች አጋዥ ሆኜ እዚሁ ሥራ ገባሁ።

ይህ እንዴት ሆነ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ እኔን የመከሩኝ ብዙዎች ነበሩና፤ ቄሱም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ነፍሷን ይማራትና ባለቤቴም እያለቀሰች። ስለዚህ ሰሞኑን የሰኞዎቹን ወንዶች አንድ በአንድ እየያዝሁ ምሥጢሩን መረመርሁ። አንዱ ስለማይጮሁ ነው አለኝ፤ ሌላው ምንም ቢሰሙ ስለማይደነግጡ ነው አለ፤ በቀልዱ የታወቀ ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄያቸው ስለሚያደክም፣ መጠጣቱን መተው ከመመለስ ይቀላል አለኝ። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የአንድ ገበሬ መልስ ነው፤ «መልሱን ሳያውቁ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለ። በእርግጥም ሌሎቻችን የምንጠይቀው ልንፈርድ ነበር፤ ሲስተር የጠየቁት ግን ማወቅ ፈልገው ነው።

ያው ገበሬ፣ ስሙን የማልጠራው፣ ከባምባሲ በኩል ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው ሰው፣ ባለፈው ሰኞ ከበራችን ላይ ሳይገባ ተመለሰ። ተከትዬ ይዤው ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ተተኪዋ ልጅ ደግ ናት ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ነውሬን እንደገና ከሀ መጀመር አልችልም» አለኝ። በእጁ ያለው መድኃኒት የሚያደርሰው እስከሚመጣው ሰኞ ብቻ ነው። ተተኪዋ ኢንዓም፣ ስድስት ወር ከእርስዎ ጎን ተቀምጣ የተማረች ብርቱ ልጃችን፣ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች እንጂ አላማረረችም።

ሲስተር የዝናሽ፣ ስላልፈረዱብን እናመሰግንዎታለን፤ ስሕተትዎን በፊታችን ስላመኑ ከዚያ ይልቅ እናመሰግንዎታለን። ወዳጆቼ፣ በዚህች ሴት ሽኝት ላይ ሌላ መጠጥ ለማቅረብ የደፈረ ስላልተገኘ፣ ይህን የቀዘቀዘ የከርከዴ ሻይ አንሡልኝ፤ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ለሚቀመጡበት ሰፊ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን።

የቀረኝ ልመና አንድ ነው። ያንን ሰው እኔ ራሴ ባምባሲ ድረስ ሄጄ አመጣዋለሁ፤ እርስዎም ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይምጡ፣ ከኢንዓም ጎን ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፣ እጁን ይዘው ለእርሷ ያስረክቡልን።