እናት ትለወጣለች እንዴ?

በኛ ጊዜ የእናት ስም እንዲህ እንደ ሽንኩርት ዋጋ በየሄዱበት የሚጠየቅ አልነበረም፣ ሳምሪ። ቁጭ በይ እስቲ። ከባንክ ሥራሽ ከገባሽ ጀምሮ «አንዲት አሮጊት የእናቴን ስም አልናገርም ብለው ግማሽ ቀን አቃጠሉኝ፣ ኋላ ቀር ናቸው» እያልሽ ትነጫነጫለሽ። ኋላ ቀር አትበያቸው ልጄ። እኔ አያትሽ አጸደ በዚች ጥያቄ ጦስ ትዳሬ ፈርሷል። ወንድ አያትሽን ከማግባቴ በፊት ማለቴ ነው። አዎ፣ ከሱ በፊት ባል ነበረኝ፤ ምን ዓይንሽን ታፈጪያለሽ? ስሚኝና አታቋርጪኝ።

ያኔ ፒያሳ የሚባል የለም፣ አራዳ ነው። ፒያሳን ጣልያን ነው ያመጣው። እኛ አፍንጮ በር ነበርን፣ ከእናቴ ጋራ አንድ ግቢ፣ እሷ ትልቁ ቤት፣ እኔና ባሌ ትንሹ ቤት። ባሌ ተሰማ ይባላል፣ ተሰማ ወልዴ፣ ኮርቻ ሰፊ ነው፣ ሱቁ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ገበያው ጥግ ላይ። እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው፣ ድምፁ አይሰማም። እና እናቴን እንዴት ይወዳት ነበር! በኛ ጊዜ እኮ ወንድ አማቱን ያፍራል፣ ቀና ብሎ አያያትም፣ ፊቷ እህል አይቀምስም። እሱ ግን «እናቴ» ነው የሚላት፣ ገና በገባ በሳምንቱ «እናቴ»። እሷም መጀመሪያ «ይሄ ልጅ እፍረት አልፈጠረበትም እንዴ?» ትላለች፣ ኋላ ግን ወደደችው፣ ስታጎርሰው ከኔ አስቀድማ ነው። እኔ እንኳ አንዳንዴ እቀና ነበር።

እናቴ ለሰው ስሟ ወይዘሮ በላይነሽ ነው። የክርስትና ስሟን ግን ከካህናቱ ሌላ የምናውቀው እኔና ተሰማ ብቻ ነን። ተሰማ እንዴት አወቀ በይኝ። አንድ ጊዜ በጠና ታማ ጸሎት ሲያዝላት ስሟን ለካህኑ ያደረሰው እሱ ነው። ጆሮው ላይ አንሾካሾከችለት፣ «ልጄ፣ ከዚህ እንዳያልፍ» ብላ። የክርስትና ስም ያኔ ጨዋታ አይደለም። መተተኛ የክርስትና ስምሽን ካገኘ አለቀልሽ፣ በሱ ድግምት ደግሞ ያስርሻል፣ ያሳብድሻል፣ ይባላል። ትስቂያለሽ? ሳቂ። እኛ አልሳቅንም።

ታዲያ አንድ ጊዜ የሱቁን ጎረቤት ሌባ ጓዳውን ቆፍሮ የቀበረውን ብር ሙልጭ አድርጎ ወሰደበት። ተሰማ ፈራ። እና «ባንክ ላስቀምጥ ነው» አለ። እናቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጓዳህ ምን አለህ?» አለችው። እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሄደ።

ለምሳ ሲመለስ ደስ ብሎታል። ሦስታችን ገበታ ቀርበናል፣ እናቴ፣ እሱ፣ እኔ። ያ ዝምተኛ ሰው ያን ቀን አፉ ተፈታ። «ጸሐፊው» አለ፣ «መነጽር የሰካ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ልጅ ነው» አለ፣ እና ድምፁን እንደሱ ቀጠን አድርጎ፣ «ስምህ ማነው? ተሰማ። የአባትህስ? ወልዴ። ዕድሜህስ? የኅዳር በሽታ ሲገባ ቆዳ መስፋት ጀምሬ ነበር። እሱን አልጠየቅኩህም አንተ ሰው፣ ስንት ዓመትህ ነው? እሱንማ አንተ አስላው እንጂ፣ የተማርከው አንተ!» እኛ በሳቅ ፈረስን። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። «ኋላማ» አለ፣ «ተሰማ ወልዴ የሚባል ሌላ ሰው አለና እንዳትቀላቀሉብኝ የእናትህን ስም ንገረኝ አለኝ።»

እናቴ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «የእናትህን?»

«የእናቴን።»

«ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁትም።»

«እሰይ የኔ አንበሳ! ሙት ብትሆንም ስሟ ስሟ ነው፣ ለማያውቁት አይሰጥም። ታዲያ ምን አልከው?»

ተሰማ አንገቱን ደፋ። አፍሯል፣ ግን ፈገግ ብሏል፣ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው እንደሚያፍረው። እኔ ያን ፊቱን እስከዛሬ አየዋለሁ። «የእርስዎን ነገርኩት» አላት።

«የኔን? በላይነሽ አልከው?»

«ወለተ ሐና አልኩት። እውነተኛ ስሟን ንገረኝ ሲለኝ እውነተኛውን ነገርኩት፣ እናቴ።»

ወይ ጉድ! ጉርሻው ከእጇ ወደቀ። እናቴ ስትቆጣ ትጮሃለች፣ ያን ቀን ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ «የወለደችህን አስካለን ሸሸግህና እኔን ለእሳት ሰጠኸኝ» አለች። አስካለ የተሰማ እናት ናት። ሊያገባኝ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ዘር ሲቆጠር አባቱ ባሻ ወልዴ «እናቱ የመንዟ አስካለ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላትና ሞታለች» ብለው ተናግረው ነበር። ታዲያ እናቴ እንዴት አታዝን? እስቲ አንቺ ፍረጂ። የራሱ እናት ስም እያለ የሰው እናት ስም ለባዕድ መስጠት ምን ይባላል? እሱ «እናቴ፣ እኔ እኮ...» ይላል፣ አይጨርሰውም። «እናቴ አትበለኝ!» አለችው።

በማግስቱ «ሂድና ስሜን አስፍቀው» አለች። እና እኔና እሱ አብረን ወጣን። መነጽራሙ ጸሐፊ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ ሲሰማን ቆየና ሳቀ፣ «እናት ትለወጣለች እንዴ?» አለ። በክፋት አይደለም፣ ልጁ ጨዋ ነው። «ትናንት ወለተ ሐና ናት ብለኸኛል፣ ዛሬ አስካለ ናት ትለኛለህ፣ የትኛው ነው እውነቱ? ግድ የለም፣ እናትህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይዘህ ና፣ እነሱ ይመስክሩና አስተካክለዋለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ሰው። እኔ እፎይ አልኩ፣ «መንዝ ዘመድ አታጣም፣ ሰው እንላክ» አልኩት። ተሰማ መንገዱን ቀጠለ። ጊዮርጊስ ደጅ ደርሰን ተሳለምን። «ኧረ በማርያም ሁለት ሰው ምን ያስቸግራል?» አልኩት። «ይቅርብኝ አጸደ» አለኝ። ይቅርብኝ! ምኑ ነው የሚቀርብህ ብዬ ተቆጣሁ፣ እሱ ፊት ፊቱን ያያል።

ሰው ሳያመጣ ቀረ። ክረምቱ ገባ፣ እናቴን ጉልበቷን ይዟት አረፈ። ጉልበቷ እኮ ድሮም ክረምት ክረምት ያማታል! ግን ማን ይስማ? «ይኸው፣ ስሜ በሰው እጅ ገብቶ» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ይሄን ደጅ ላይ ተናገረችው፣ ደጅ ላይ ደግሞ ጆሮ ሞልቷል። ስም ከቤት ይወጣል ጎረቤት ይቀበላል፣ ተሰማን «ስም ሻጩ» አሉት። ሱቁ በር ላይ በቅሎ ይዘው የሚመጡ ሰዎች እንኳ ስማቸውን ሳይነግሩት ኮርቻ ማዘዝ ጀመሩ። «የማን ነው ይሄ ኮርቻ?» ሲላቸው «የግራጫዋ በቅሎ» ይሉታል። ሃሃ... አሁን ያስቃል። ያኔ ማታ ገብቶ ሲነግረኝ አልሳቅኩም።

ኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። እንግዲህ ስሚ። ሦስት ሽማግሌ፣ የንስሐ አባታችን፣ እናቴ፣ እኔ፣ ጎረቤቱ በአጥር ይሰማል። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ ተሰማ፣ አንድ ነገር ነው የምንጠይቅህ» አሉ፣ «የናትህ ስም እያለ የአማትህን ስም ለምን ሰጠህ? ለዚህ መልስ ካለህ እርቅ ነው፣ ከሌለህ እኛም አፍ የለንም።» ተሰማ ተነሣ። ነጠላውን አደገደገ፣ ሊናገር ነው አልኩ በልቤ። ሰዎቹን አየ፣ አጥሩን አየ፣ እናቴን አየ። «መልስ የለኝም» አለና ተቀመጠ። ተሰማ ሆይ! እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ያን ጥያቄ ሁላችንም በሰው ፊት ነው የጠየቅነው። ጸሐፊው በሰው ፊት፣ ሽማግሌው በሰው ፊት፣ እናቴ በሰው ፊት። ለብቻው ጠርቶ «ልጄ ምን ሆነህ ነው?» ያለው አንድ ሰው የለም። እኔም ብሆን ተቆጣሁ እንጂ መቼ ጠየቅኩት።

ታዲያ እናቴ «ልጄን መልስልኝ» አለችው፣ እሱም ፈታኝ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ አፍ የላትም፣ ልብ ግን አላት፣ እና ልቤ ከሱ ጋራ ሄደ። እሱ ሱቁ ጓሮ ትንሽ ክፍል ተከራየ። ጊዮርጊስ ስሳለም ከሩቅ አየዋለሁ፣ መርፌና ጅማቱን ይዞ አጎንብሶ። ቀና አይልም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ጣልያን መጣ ተባለ፣ ክተት ታወጀ። አራዳ ያኔ ብታይው! ነጋሪቱ፣ ፉከራው፣ የሴቱ እልልታና ልቅሶ አንድ ላይ ነው፣ አይለይም። አንድ ጠዋት አጥራችን ውጭ «አጸደ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተሰማ ነው። ጠመንጃ ይዟል፣ ስንቅ አንግቷል። «እናቴን ጉልበት ስሜ ልሂድ» አለኝ። ገባሁና ነገርኩ። እናቴ መደቧ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ «ስሜን ወስዷል፣ ሌላ ምን ቀረው በይው» አለች። ወጥቼ ይሄን እንዴት እላለሁ? «አሟታል» አልኩት። ገባው። አጥሩን ይዞ ቆመና «እንግዲያው አንቺ ስሚኝ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያሳፍረኛል» አለኝ።

«ባሻ ወልዴ አልወለዱኝም» አለ። «ከዘመቻ ሲመለሱ መንገድ ዳር ያነሱኝ ነኝ። እናቴን እሳቸውም አያውቋትም፣ እኔም አላውቃት። አስካለን የፈጠሯት አንቺን እንዳይከለክሉኝ ብለው ነው፣ ዘሩ የማይታወቅ ሰው ማን ልጁን ይሰጣል? ባንክ ቤት እናትህ ማናት ሲለኝ አስካለ ልል አፌን ከፈትኩ። ለሽማግሌ በአፍ የተዋሸው ይበቃል፣ በጽሑፍማ እንዴት እዋሻለሁ፣ የተጻፈ ይኖራል አልኩ። እናት ብዬ የጠራሁት፣ በእጇ ያጎረሰችኝ ሴት አንዲት ናት። እሷን ተናገርኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር እኮ፣ አጸደ።» ይሄን ብሎ ሄደ። እኔ «ቆይ» እንኳ አላልኩትም።

ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እንዳለው፣ ቃል በቃል። ሰማችኝና «አስካለስ?» አለች።

«አስካለ የለችም እማዬ። አስካለ የምትባል ሴት ኖራም አታውቅ።»

ያ በሽተኛ ጉልበት ኃይል ከየት አመጣ፣ እንዴት ተነሣ አላውቅም። ነጠላዋን ሳትለብስ ወጣች፣ እኔ ከኋላ። ከአፍንጮ በር ጃንሜዳ ሩቅ አይደለም፣ ግን ሰው እንደ ጉንዳን ነው፣ በቅሎው፣ አህያው፣ ባንዲራው። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀምሯል። እናቴ ያገኘችውን ሁሉ እጁን እየያዘች «ተሰማን አያችሁ? ተሰማን?» ትላለች። «የትኛው ተሰማ?» ይሏታል። «ኮርቻ ሰፊው።» አንድ ጎልማሳ ዘማች ዘወር አለና «እማማ፣ ዛሬ ኮርቻ ሰፊም አራሽም የለም፣ ሁሉም ዘማች ነው። ተሰማማ ስንት አለ! የማን ልጅ ነው?» አላት።

እናቴ ቆመች። ወልዴ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሰማይ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፦ «የወለተ ሐና ልጅ ነው! የኔ የወለተ ሐና ልጅ! ተሰማ፣ የወለተ ሐና ልጅ!»

እኔ የእናቴን የክርስትና ስም ጮክ ተብሎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ በድንጋጤ አፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ልማድ ነው እኮ፣ ምን ላድርግ! ሃሃሃ... እጄን መታ አደረገችውና ደገመችው። አንዳንዱ ሰው ያበደች መስሎት ዞር ብሎ ያያል፣ ይስቃል። እሷ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ሰልፉ አልፎ አቧራው ብቻ ቀረ። ተሰማ ከዘመተበት አልተመለሰም ልጄ። ይስማ አይስማ እግዜር ይወቅ።

ምን አልሽኝ? ሰምቷል ነው የምትይው? በይ እንግዲህ፣ አንቺ ካልሽ።