አምፖል የሌለው ጨዋታ

«እትዬ፣ የመብራቱን ሂሳብ የተስማማነው እኮ በአምፖል ቁጥር ነው። እኔ ክፍል ያለው አንድ አምፖል ነው» አለ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠው ተከራይ።

«ወንድምህ ከአሰብ የላከልህ የቴሌቪዥን መጫወቻስ?» አሉ አከራይዋ ሴትዮ።

«እሱ አምፖል የለውም።»

«ቆጣሪዬ ግን እንደ እንዝርት ይሾራል። ዛሬ ሽቦህን እቆርጣለሁ።»

«ይቁረጡት። ጋሽ ውባለምን ግን እርስዎ ያስረዷቸው።»

«ባሌ ምን አግብቶት?»

«የምጫወተው እኔ ብቻ መሰልሁዎት?»

«እሱ ትናንት የቀበሌ ስብሰባ ነበረበት።»

«ስብሰባው እኔ ክፍል ነበር። እስኪመሽ አውሮፕላን ሲጥሉ ዋሉ።»

«ፔዳ ወራጅ አለ» አሉ ሴትዮዋ። «እንግዲያ እሱንም አብሬ ነው የምቆርጠው።»

ወርደው በሩን ጓ አድርገው ሲዘጉት፣ እኔ ከአከራዬ ደብቄ አልጋዬ ሥር ያኖርሁት የኤሌክትሪክ ምድጃ ትዝ አለኝ።