የባና ሸማኔዎች አድራሻ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ፤ የሱፍ ፈታዮች ማኅበር ቢሮ፤ የባና ሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ንጋቱ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከጸሐፊነት ካባረሯት ከየሺመቤት ፊት ተቀምጠዋል።

ንጋቱ፦ ስማችንን አስገቢልን ነው ያልኩሽ። ሰው ግደይልኝ አላልኩሽም።

የሺመቤት፦ የት ላይ ጋሼ?

ንጋቱ፦ እያወቅሽ። ድረ ገጻችሁ ላይ ነዋ።

የሺመቤት፦ እኔ ይኑረን ስል፣ «ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ለማይታወቅ ሰው ነው» ብለው አባሉን ሁሉ አስቀውብኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ንጋቱ፦ ያን ቀን ሞቅ ብሎኝ ይሆናል።

የሺመቤት፦ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት?

ንጋቱ፦ እሺ፣ ተሳስቻለሁ። በቃሽ?

የሺመቤት፦ ቀጥለውም «ወደ እንዝርትሽ ተመለሺ» አሉኝ። ተመለስኩ።

ንጋቱ፦ ያ የአዲስ አበባ ሆቴል ለአልጋዎቹ ብርድ ልብስ የሚሆን መቶ ባና ያዘዘው እናንተን ነው አሉ። እናንተ ትፈትላላችሁ እንጂ መቼ ትሸምናላችሁ? የኛን ሥራ ነው የወሰዳችሁት።

የሺመቤት፦ ሰውዬው መጀመሪያ የመጣው እናንተ ዘንድ ነው። መኪናውን አቁሞ በራችሁን ቢያይ ተቆልፏል፤ «ለቅሶ ሄደናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። መቼ እንደምትመለሱ የለም፤ ስልክ ቁጥር የለም።

ንጋቱ፦ ታዲያ ለቅሶ አይኬድ?

የሺመቤት፦ ይኬድ እንጂ። የኛም ቢሮ ዝግ ነበር፤ አብረን አይደል የቀበርነው? ብቻ ሰውዬው እዚያው እናንተ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ የባናው ፎቶ፣ ልኩ፣ የኔም ቁጥር ወጣለት። ከቀብር ስመለስ ደወለልኝ።

ንጋቱ፦ የኔ በር ላይ ቆሞ?

የሺመቤት፦ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ነው ያለኝ።

ንጋቱ፦ ፈትሉ ይኑርሽ። ሸማኔ ከየት ታመጫለሽ? አሥራ ዘጠኙም በእጄ ናቸው። እኔ ካላልኳቸው አንድም መወርወሪያ አይነሳም።

የሺመቤት፦ ይህን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?

ንጋቱ፦ ልስማማ ነው የመጣሁት። የማኅበራችን ስም ከላይ ይጻፍ፤ የኔም ፎቶ ከጎኑ ይሁን። ያኔ ሸማኔዎቼን ይዤልሽ እመጣለሁ።

የሺመቤት፦ አይድከሙ ጋሼ። ሰኞ ዕለት ፈርመው እኛ ማኅበር ገብተዋል፤ ይኸው ድረ ገጹ ላይ፣ አሥራ ዘጠኙም ከነፎቷቸው። እርስዎም እንደነሱ ማመልከቻ ይጻፉና ያስገቡ፤ ዓርብ ተሰብስበን እናየዋለን።